ጋሼ የተመላለሱበት የኪሳራ መዝገብ

አጎቴ ጋሼ ፍርድ ቤት ሲገቡ በር ላይ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። ሱቃቸው ሲከስር ፍርድ ቤቱ «አላጭበረበሩም» ብሎ ወስኖላቸዋል፤ ሰፈርተኛው ግን «አጭበርባሪ» ማለቱን አልተወም። የውሳኔውን ግልባጭ ፍለጋ ሰኞ ሰኞ ከሁሩሙ እስከ መቱ ፍርድ ቤት ተመላለሱ።

«የመዝገብ ቁጥር ያምጡ» ይላቸዋል የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ።

«ልጄ፣ ቁጥሩ ያለው እኮ መዝገቡ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሰኞ ይመለሱ።»

«ገለቶማ» ብለው አመስግነው ይወጣሉ። ምን አደረገላቸውና ነው የሚያመሰግኑት? ዛሬም ያንገበግበኛል።

በቀደም ባርኔጣቸውን አድርጌ እኔው ሄድኩ። መዝገቡ ተገኝቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልወስደው እጄን ስዘረጋ፣ ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል «ባለጉዳዩ በአካል ይቅረቡ» አለኝ።

«አርባቸው ወጥቷል» አልኩት።

ባርኔጣቸውን አላወለቅኩም።