መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ

የባሌ ልጆች ሰባት ወር ሙሉ ቤቴ ሲመላለሱ ውኃዬን እንኳ አልጠጡም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እናታቸው ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ታመጣቸውና በር ላይ አውርዳቸው ትሄዳለች። ትልቋ ዘጠኝ፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለቱም ላንች ቦክሳቸውንና የውኃ ኮዳቸውን አንግተው ይገባሉ። እኔ ከዋዜማው ጀምሬ ዶሮ እጠብሳለሁ፣ ፓስታ እቀቅላለሁ፤ እነሱ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብለው የእናታቸውን ሳንድዊች ይበላሉ። አባታቸው "አክስቴ በሏት" ብሏቸው ነበር፤ ምንም ብለው አይጠሩኝም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ከእጄ አንድ ነገር በልተው እንዲሄዱና እናታቸው እንድትሰማ። ፍቅር ነው ብዬ አልዋሽም፣ እልህ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስንነሳ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ በረዶ ለብሶ አድሯል። እዚህ አካባቢ በረዶ በስንት ዓመት አንዴ ስለሆነ የሳን ሆዜ ሰው ሁሉ መኪናውን አስነስቶ ወደ ላይ ነጎደ። ልጆቹ እንደመጡ እኛም ወጣን፤ ግማሽ መንገድ ላይ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ መለሰን። ትንሿ አለቀሰች። ከእኛ ቀድሞ ወጥቶ የተመለሰ፣ መኪናው ኮፈን ላይ በረዶ የከመረ ሰውዬ ባሌ አግኝቶ ለመነውና በፌስታል ጥቂት ይዘን ወረድን። ቤት ስንደርስ ከሥራ ተደወለለት፤ "ሁለት ሰዓት ብቻ" ብሎ ከልጆቹ ጋር ጥሎኝ ሄደ።

እኔ ባደግሁበት ቤት የሱቅ ከረሜላ ለእንግዳ ነበር። ለልጆች ስኳር ብረት ድስት ላይ ይቀልጥና ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ትሪ ላይ ይፈሳል። እንደተኮራረፍን ከምንውል እሱን እንሥራ አልኳቸው።

ትልቋ ከታብሌቷ ቀና አለች። "ከረሜላ? ከምን?"

"ከስኳር።"

"ጀስት ሹገር?" አለች፣ ላታልላት የፈለግሁ ይመስል።

ግን ተነሳች። ትሪውን ዘይት ቀባች፤ ትንሿ ሎሚውን ጨመቀች። ስኳሩ መፍላት ሲጀምር ሁለቱንም ከምድጃው አራቅኋቸው። እንደ ሻይ ሲቀላልኝ በማንኪያ ጨልፌ ሳህን ላይ ያስቀመጥነው በረዶ ላይ ጠብ አደረግሁ። ጠብታው ወዲያው ደረቀ። ትልቋ በጣቷ ነካ አድርጋ "ዋው" አለች። ለዚያች አንዲት ቃል ሰባት ወር ደጅ ጠንቻለሁ። ትሪው ላይ ሳፈስሰው እነሱ ሰሊጥ ነሰነሱበት፤ ጨርሶ ሳይጠነክር በቢላዋ ቆራረጥኩት። ሃያ አራት ቁራጭ ወጣው።

በደንብ ሲቀዘቅዝ አንዱን አንስቼ ለትልቋ ዘረጋሁላት። እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

"ማሚ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ ብላለች" አለችኝ። "ኤቭሪቲንግ፣ ሁሌ፣ አንቺ ፈርስት።"

በአያቴ ቤት ጠላ የሚያሳልፍ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። መርዝ የለበትም ማለት ነው። ዛሬ ወግ ብቻ ሆኖ ቀርቷል እንጂ ትርጉሙን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እናትየው በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ለሚመልሱ ልጆቿ ከአገሩ ወግ ሁሉ መርጣ ያስተማረችው ይህንን ነው። ደሜ ፈላ።

"እሺ፣ እቀምሳለሁ" አልኩ። የያዝኩትን ነከስኩ። ቀጥዬ ሁለተኛውን ነከስኩ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ጥርሴ እስኪያመኝ ድረስ የትሪውን ሁሉ አንድ በአንድ ጫፍ ጫፉን ነክሼ መለስኩ። "ይኸው፣ አልሞትኩም። ብሉ!"

"ኢው!" አለች ትልቋ። "ሁሉንም ነከስሽው! ዳትስ ጀርምስ!"

ሳልቀምሰው መርዝ፣ ብቀምሰው ጀርም። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም።

"ለእናትሽ ንገሪያት" አልኳት፤ "መርዙ ዛሬ አልቆብኝ ነው፣ በሚቀጥለው ስትመጡ አደርግላችኋለሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጅቷ አማርኛ መናገር ይቸግራታል እንጂ አንድም ቃል አያመልጣትም። ፊቷ አመድ መሰለ። ታብሌቷን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቆለፈች። እናቷን ስታናግር በበሩ ይሰማኛል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ እናትየው እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ደረሰች። ባሌም ተደውሎለት ከኋላዋ ገባ።

"ሰማህ ያለችውን?" አለችው። እኔን ልታናግረኝ አልፈለገችም። "እኔ ስጠረጥር እብድ ትለኝ ነበር። በገዛ አፏ ነገረቻቸው! ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ እዚህ ቤት አይረግጡም።"

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። አላልኩም እንድለው ነበር የሚጠብቀው። ብያለሁ፤ ምን ልበለው?

እናትየው ትንሿን ጃኬት ልታለብሳት ጎንበስ ስትል የልጅቷ አንድ ጉንጭ አብጦ አየች። መቼ ከትሪው እንዳነሳች እኔም አላየሁም።

"አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?"

ልጅቷ ጉንጯን በእጇ ሸፈነች።

"ትፊው!" መዳፏን አገጯ ሥር ዘረጋች። "አሁኑኑ ትፊው ብዬሻለሁ!"

ትንሿ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን ግጥም አደረገች። ከዚያ ከረሜላውን በጥርሷ ቀርጨም አድርጋ ሰበረችው። አራታችንም ሰማን።

ፈገግ አልኩ። መቻል ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። እናትየውም ባሌም አዩኝ።

ዛሬ ባሌ ልጆቹን የሚያገኛቸው ኦክላንድ ካለው ሐይቅ ዳር ነው፤ እኔ አልጠራም። ስለ መርዙ ወሬ ይቅርታ ጠይቄው ይቅር ብሎኛል። ስለ ፈገግታዬ ግን ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም።