መልስ በጣና ዳር

ሙሽራዬን ይዤ በወረድሁ ሰሞን ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ኬላ አቁሞ መንገዱን ዘጋው። የእኛ ቤት ከሐሙሲት በታች ነው፣ ከጣና ብዙም አይርቅ። እሷ ግን የደጋ ልጅ ናት፤ አገሯ ከጉና ሥር፣ በገሳይ በኩል። አማቶቼ ጠላ ጠምቀው ለመልስ ቢጠብቁንም፣ ማን ያሳልፈናል? መልስ ሳንጠራ ቀረን።

እሷ አልተቆጣችም። እህል ግን አልወርድ አላት። አንድ ቀን እናቴን፣ መልስ ያልተጠራች ሙሽራ ከምርኮኛ በምን ትለያለች ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ለብቻዬ ጠርታ፣ ይህች ልጅ ከእጅህ ሳትወጣ አንድ ነገር ፈልግ አለችኝ። እኔ ምን አለኝ፤ ያለኝ ባሕሩ ነው። እንግዲህ ከባሕሩ ዳር ደህና ደህናውን እየመረጥሁ ላሳያት ተነሣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሣሩ ለምለም፣ መግቢያው ለስላሳ ወደሆነው ዳር ወሰድኋት። በእኛ አገር ከዚያ የሚበልጥ የለም። ፀሐዩ ውሃው ላይ ተኝቷል፣ ነፋስ የለ። አየችና አየችና፦

«አንቱ፣ ውሃ ሊያጠጡ ያመጡት እኔን ነው በሬዎን?» አለችኝ።

እውነትም የመረጥሁት የበሬ ዳር ነበር። ከሰርጋችን ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ነው።

በሌላው እሑድ ደንገል የከበበውን የታንኳ ማረፊያ አሳየኋት። ከዚያም አሸዋማውን፣ አሸዋው ከእግር ሥር እንደ ትኩስ ዱቄት የሚሞቀውን። ደስ ይላል ትላለች፤ ዓይኗ ግን ውሃው ላይ አያርፍም፣ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ምሥራቅ ይዞራል።

ያኔ ገባኝ። እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ ገብቶ የታጠፈ ድንጋያማ ቦታ ነበር። ሣር የለው፣ ከብት አይወርድበት፣ ማንም አይፈልገው። በማለዳ እስከ ጫፉ ወስጄ ፊቷን ወደ መጣንበት አዞርኋት። ውሃው ከፊታችን ተዘርግቶ፣ ከውሃው ማዶ፣ ከጭጋጉ በላይ ጉና ቆሟል። ሰማያዊ ነው፤ በሕልም የሚያዩት ይመስላል።

ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የአባቷን ጉልበት እንደምትስም ዝቅ አለች። ቋጥራ ያመጣችውን ዳቦ ቆርሳም ዘረጋችልኝ። እኔ አመነታሁ።

«ይብሉ እንጂ» አለችኝ፤ «አማት ቤት እንዲህ አይታፈርም።»

በላሁ። እሷም በላች። ፀሐዩ ከፍ ብሎ ጉና በብርሃኑ ውስጥ እስኪጠፋን ድረስ ከዚያ አልተነሣንም።