ጥያቄ የሚጠየቅበት ግቢ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብዕር ስይዝ እጄ ቶሎ አይታዘዝልኝም። የጻፍኩትን በማግስቱ አነበዋለሁ፣ ግማሹን እሰርዘዋለሁ። ቢሆንም ያን ዓመት፣ ጦርነት ሊመጣ ነው እየተባለ ገና ያልመጣበትን ዓመት፣ ሳልጽፈው እንዲቀር አልፈልግም።

ባለቤቴ እዚህ ጅቡቲ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነበር። ፈረንሳይኛን ሐረር ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው የተማረው። በዚያ ዓመት ከፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ አንድ ሽማግሌ መምህር መጡ። እሑድ እሑድ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው አዳራሽ ለሕዝብ ንግግር ያደርጉ ጀመር። ስለ ጥንት መንግሥታት፣ ስለ ባሪያ ንግድ፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ሕግ ይናገራሉ። ሥዕሎቹን በመብራት ነጭ አንሶላ ላይ ያሳዩናል። ባለቤቴ ከጎናቸው ቆሞ ለእኛ ለአበሾቹ ይተረጉማል። እኛ ሴቶች ከኋላ ነበር የምንቀመጠው።

መምህሩ ሲጨርሱ ሁልጊዜ «ጥያቄ ያለው?» ይላሉ። ማንም አይነሣም። የተማረ ሽማግሌን በሰው ፊት መጠየቅ ለእኛ ሰዎች ማፋጠጥ ነው፤ መልሱ ቢጠፋበት ማዋረድ ነው። ይህን እሳቸው ከየት ያውቁታል? ያልገባን እየመሰላቸው አንገታቸውን ደፍተው ወረቀታቸውን ይሰበስባሉ።

ጥያቄው ሁሉ ግን ወደ ቤታችን ይመጣ ነበር። ከአዳራሹ የወጡት ወንዶች በቀጥታ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ግቢያችን ይመጣሉ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ባለቤቴን ይጠይቁታል። እሱ ያላወቀውን በሳምንቱ ውስጥ መምህሩን ጠይቆ መልሱን ያመጣላቸዋል። ጥያቄ በማብዛት ከሁሉ የሚብሰው ጨርቅ የሚሸጥ አንድ የሐረር ነጋዴ ነበር።

«ስማ አንተ ጸሐፊ፣ እነዚያ ሮማውያን ያን ሁሉ አገር ሲይዙ ባለአገሩ ተኝቶ ነበር እንዴ?»

«የለም፣ እንዳንተ ጨርቅ እየለካ ነበር።»

«እኔ ስለካ ዓይኔን አልጨፍንም!»

«አንተማ አትጨፍንም። የሚጨፍነው ገዢው ነው።»

ይስቃሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወሬው ወደ ባሕሩ ይዞራል። ዓሣ አጥማጆቹ ወደ አገራችን ሊዘምት ነው የተባለውን ወታደር የጫኑ መርከቦች ከሩቅ ሲያልፉ እንዳዩ ይናገሩ ነበር። የመርከቦቹ ጭስ ሲያንዣብብ እኔም አንዳንድ ቀን ከወደቡ በኩል አይ ነበር።

አንድ ቀን ሶማሌዋ ጎረቤቴ በአጥር ላይ ጠራችኝ። «እህቴ፣ እንግዶችሽ በመጡ ቁጥር ከማዶ ግድግዳ ሥር አንድ ሰው ይቆማል። እንግዶችሽ ሲሄዱ እሱም ይሄዳል» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴን የፖሊሱ ሹም አስጠራው። ተመልሶ ሲገባ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ምን አሉህ?»

«የአዳራሹ ንግግር ፈቃድ አለው፣ እዚያ ያሻችሁን ተነጋገሩ አሉኝ። ቤትህ የሚሰበሰበው ግን ፈቃድ የለውም፤ እንደገና ሰው ከገባ በመጀመሪያው ባቡር ከድንበር ትወጣለህ አሉኝ።»

ባቡሩ የሚወስደው ወደ ገዛ አገሩ ነው። ነገር ግን እንጀራችን እዚህ ነበር፤ አልጋ የያዘች እናቴን ጥዬ ልከተለው አልችልም። የሚጠበቀው ጦርነት ደግሞ የሚመጣው በዚያው፣ ባቡሩ በሚሄድበት በኩል ነው።

«እንግዲያው አዳራሹ ውስጥ ይጠይቁ» አልኩት።

«ይጠይቃሉ? አንቺ ደግሞ፣ የማታውቂያቸው ይመስል!»

በቀጣዩ እሑድ መምህሩ ስለ ፍትሕ ተናገሩ። ዛሬ መንግሥታት የሚካሰሱበት ሸንጎ አለ፣ ደካማውም አገር እዚያ ይሰማል አሉ። እንደ ልማዳቸው «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። ባለቤቴ እኔን አያየኝም። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«መምህሩን ይጠይቁልኝ» አልኩት ባለቤቴን። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ። «ዳኛው ከቀማኛው ጋር አንድ ማዕድ የሚቀርብ ከሆነ፣ የተቀማው ሰው ለማን ይጮኻል?»

ባለቤቴ አንድም ቃል ሳያለዝብ ተረጎመው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ።

«አላውቅም፣ እመቤቴ» አሉ። «ይህን እኔም ራሴን እጠይቃለሁ።»

ሽማግሌው በሰው ፊት አላውቅም ብለው አልተዋረዱም። የሐረሩ ነጋዴ ከወንበሩ ተነሣ። «ሴት ከቀደመችንማ ጨርቄን ልጠቅልል!» ብሎ ሰዉን አሳቀና ጥያቄውን አቀረበ። ከእሱ በኋላ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ተነሣ። በዚያን ቀን ወደ ግቢያችን የመጣ ሰው አልነበረም። በሚቀጥሉት እሑዶችም አልመጡም። ከግድግዳው ሥር ይቆም የነበረው ሰውም ጠፋ። ተረፍን ብዬ ነበር።

ሞቃቱ ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲነሣ መምህሩ ተጠርተው በመርከብ ሄዱ። አዳራሹ ተዘጋ፤ ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም። በእሑዱ ወንዶቹ የተዘጋውን በር አይተው ወደ ሰፈራችን መጡ። ሳያንኳኩ፣ አሸዋው ፊታቸውን እየገረፋቸው ከደጃችን ቆሙ። አሁን ጥያቄ የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ የሚጠይቁበት ቦታ ግን የለም። ከማዶ ግድግዳ ሥር ሰውየው ተመልሶ ቆሟል።

ባለቤቴ በበሩ ስንጥቅ አያቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አትክፈት» አልኩት።

«በነፋስ አቁሜ ምን ልበላቸው? ሂዱ ልበላቸው?»

የበሩን መወርወሪያ አነሣና «ግቡ፣ ግቡ፣ አሸዋው አይግባብን» አላቸው።

ፖሊሶች በመጀመሪያው ባቡር ወሰዱት። ጣቢያው ላይ እንድቀርበው አልፈቀዱልኝም። በመስኮቱ ብቅ ብሎ «እናትሽን ደህና ሁኚ በይልኝ» ሲል ሰማሁት፤ ሌላው በባቡሩ ፉጨት ተዋጠ። ጦርነቱ እንደተባለው መጣ። መርዶውን ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩቶ ያረዳኝ የሐረሩ ነጋዴ ነበር። እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ አላገኘሁም። የተቀበረበትንም አላውቅም።

ለቅሶው የተቀመጠው በዚያው ግቢ፣ በዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። ፖሊስ መጥቶ ከደጁ ቆመና ስብሰባውን ማን እንደፈቀደ ጠየቀ።

«ሞት ነው የፈቀደው» አለው ነጋዴው። «ሂድና እሱን አስጠራው።»

ፖሊሱ ሄደ። ሰዎቹ ግን ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። የሚጠየቀው ሰው አልነበረማ። ነጋዴው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ያን ቀን ለጠየቅሽው ጥያቄ ሽማግሌው ምን ብለው ነበር የመለሱት?»

ረስቶት አይመስለኝም። ሌሎቹም ቀና ብለው እኔን ያዩ ጀመር።

«አላውቅም ነው ያሉት» አልኳቸው።

ከወደቡ በኩል የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ። ማንም ለመሄድ አልተነሣም። ነጠላዬን ሰብስቤ ምንጣፉ ላይ፣ ባለቤቴ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።