እማማ ስንት ዕድሜ ቀራቸው?

ሊወስዱኝ የመጡት ጠዋት ነው፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ካለው ቤታችን። ለሥራ ለብሼ ጨርሼ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። “ለትንሽ ጥያቄ ነው” አሉኝ። ጥያቄው ፌስቡክ ላይ ስለጻፍኩት ነገር እንደሆነ ገብቶኛል፤ ትንሽ እንደማይሆንም ገብቶኛል። ባለቤቴ ጃኬት ሊያመጣልኝ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሲመለስ መኪናው ተነሥቷል።

የወሰዱኝ ለሚ ኩራ ዳር ወዳለ፣ ገና ተሠርቶ ወዳላለቀ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ብዙ የሴት እግር። ሁሉም ባንድ ጊዜ ጉልበታቸውን ሰበሰቡልኝና የአንድ ሰው መቀመጫ ተገኘ። ክፍሉ ላብ፣ እርጥብ ሲሚንቶና የተላጠ ብርቱካን ይሸታል። ጣሪያው ሥር ያለችው መስኮት ሰማይ አታሳይም፤ ቦሌ የሚያርፈውን አውሮፕላን ድምፅ ግን ታስገባለች። አንዱ ባለፈ ቁጥር ወሬያችንን አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ሰው እንዳሻው ይመጣል ይሄዳል፣ እኔ እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም እያልኩ በንዴት እንገበገብ ነበር።

የክፍሉ ተጠሪ “ካቦ” ትባላለች። ገርጂ ጸጉር ቤት ያላት ቀልደኛ ሴት ናት። ሥራዬን ጠየቀችኝ።

“የሕይወት ኢንሹራንስ ላይ ነኝ። ሰው ስንት ዓመት ሊኖር እንደሚችል እገምታለሁ።”

“ወይኔ! ጠንቋይ አስገቡብን በሉኛ!” ብላ ክፍሉን አሳቀችው። “እስቲ መቼ እንደምንወጣ ገምቺልን።”

“እሱን አልችልም።”

“ታዲያ ምን ታደርጊልናለሽ?”

ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ አጠገቤ ትቀመጣለች። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሲጋራ ታጨሻለሽ? እናት አባትሽ በሕይወት አሉ? ጨው ታበዣለሽ? በእግርሽ ትሄጃለሽ ወይስ ከቤት እስከ ቢሮ መኪና ነው? ግምቴ ለብዙ ሰው እንደሚሠራ፣ አንዷን ለይቶ እንደማያውቅ ደጋግሜ አስረዳለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጂም እንደምትሠራ፣ ስኳር ከተወች እንደቆየች ነገረችኝ። “አንቺስ ረጅም ዕድሜ አለሽ” ስላት ግድግዳውን አየት አድርጋ “እዚህ ከሆነ ይቅርብኝ” አለች።

ያልጠየቁኝ እማማ ብቻ ናቸው። እማማ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚነግዱ፣ የሁላችንንም እናት ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሳቸውን ያሰሯቸው እሱ እጁን እንዲሰጥ ነው። “ደውለው ይጥሩትና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ” ይሏቸዋል። “ስልኩን አላውቀውም” ይላሉ። እንደሚያውቁት እኛም እናውቃለን፣ መርማሪውም ያውቃል።

እማማ ስኳር አለባቸው። መድኃኒታቸውን እህታቸው ከስንቅ ጋር ትልክላቸዋለች። ስንቁ፣ ያመጣው ሰው በር ላይ ከቀመሰ በኋላ ይገባና የሁላችንም አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ጉርሻ የእማማ ነው። ሁለተኛውም። “የእሷን ጎርሰው የእኔን ሊመልሱ ነው?” ይባላል። “በሞቴ!” ይባላል። ለስላሳ የመጣላት ለእማማ ትሰጣለች፤ ሻይ ሲገባ፣ ደክመዋልና ያበረታቸዋል እየተባለ ስኳሩ ለእሳቸው ይበዛል። እጃቸውን ሊታጠቡ ብድግ ሲሉ “ኧረ ይቀመጡ!” ብለን አምስት ሆነን እንነሣለን። ያለችንን አንዲት ፍራሽ ሰጥተን ጥግ አስቀምጠናቸው፣ ከዚያች ጥግ ሳይነቃነቁ ይውላሉ። ሁላችንም እናታችን ናፍቃናለች፤ እናታችንን ያገኘን መስሎን ነበር።

ውሎ ሲያድር እግራቸው አበጠ። ውሃ እየደጋገሙ መጠጣት ጀመሩ። የግራ እግራቸው ጣት ላይ የወጣች ቁስል አልደርቅ አለች። እኔ እያየሁ ነበር፤ ግን ሰው ሳይጠይቀኝ ዕድሜ አልገምትም።

አንድ ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ወጣት ነው። ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ቆይቼ ስለነበር ወገቤ በጠላት ፊት ደስ አለው።

“ዕድሜ ትገምቻለሽ አሉ።”

“ሥራዬ ነው።”

“ሴትዮዋ በዚህ ሁኔታ ምን ያህል ትቆያለች?”

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ ቀጠለ።

“እኔም እናት አለችኝ እህቴ። እዚህ እንድትሞትብኝ አልፈልግም። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ አንቺን ትሰማሻለች። ቁርጡን ንገሪያት። ልጇን ትጥራና ወደ ሐኪሟ ትሂድ። አንቺም ወደ ልጆችሽ።”

ውሸት ንገሪያት ቢለኝ ይቀለኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ እመለሳለሁ። እሱ የጠየቀኝ ግን እውነቱን እንድናገር ነው። እማማን የመሰለ ሰው ቢሮዬ ቢመጣ ኩባንያችን ውል አይገባለትም። ብናገር የመርማሪው አፍ መሆኔ ነው። ዝም ብል እማማ ሳያውቁት ዕድሜያቸው ሊያልቅባቸው ነው። ልጆቼ ደግሞ ቤት ሆነው በር በተንኳኳ ቁጥር እኔ እየመሰልኳቸው ይሮጣሉ። ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል። በተያዝኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ስመለስ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ።

“እማማ፣ መርማሪው ልኮኝ ነው።”

“በይ ልጄ።”

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጠየቀኝንም፣ ለእኔ ቃል የገባልኝንም። ከዚያ የራሴን ጨመርኩ። “እሱ ባይልከኝም እኔ የማስበው ይሄንኑ ነው። በዚህ አያያዝ ብዙ አይቆዩም።”

ካቦ “አንቺ ሴትዮ!” ብላ ልትነሣብኝ ስትል እማማ በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት።

“ብዙ አይቆዩም ማለት ስንት ነው?”

“በትክክል አላውቅም። ክረምቱን መውጣትዎን ግን እጠራጠራለሁ።”

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

“ልጄን ብጠራው እሱ ስንት ይቆያል? እሱንስ ገምተሽልኛል?”

“አልገመትኩም እማማ።”

“እኔ ገምቼዋለሁ” አሉ። ቀጥለውም “የሚያሳጥረውን ነገርሽኝ። የሚያስረዝመውን አላስተማሩሽም?” ሲሉ ጠየቁኝ።

“አስተምረውኛል” አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። እንባዬን እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ዘረዘርኩላቸው። ለስላሳ ይቅር። ሻይ ያለ ስኳር። እግርዎ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በየቀኑ ይታይ። ተጋድመው ይተኙ። ከሁሉ በላይ ይነሡ፣ ይራመዱ። “ጉርሻም ይቅር” ስል ግን ድምፄ ራሱ አነሰ።

የባንክ ሠራተኛዋ አፏን በእጇ ያዘች። “በየቀኑ ስናጎርሳቸው…”

“በፍቅር ልንደፋቸው ነበር በይው” አለች ካቦ። በዚህ ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት ምንጣፉ ሁሉ ተጠቀለለና ሁላችንም ጀርባችንን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ቆምን። መሐል ላይ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሥር ጠባብ መንገድ ተከፈተ። እማማ መጀመሪያ ትከሻችንን እየያዙ፣ በኋላም ብቻቸውን ይመላለሱባት ጀመር። ወገቧን የሚያማት ነበረች፣ እርጉዝም ነበረች፤ እሳቸው ጨርሰው “በሉ ተቀመጡ” እስኪሉ ድረስ አንዷም አልተቀመጠችም። ሳህናቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፤ እኛ ብድግ እንልና እንደገና እንቀመጣለን። በጣም የከበደን ጉርሻው ነው። እጃችን እየተዘረጋ ይመለሳል። በመጨረሻ ማጉረስ ያማራት ካቦን ታጉርስ ተባለ፤ ካቦ ወፈረች።

መርማሪው መልሶ ጠራኝ። በዚያን ቀን ወንበር አልሰጠኝም።

“ነገርሻት?”

“ነገርኳቸው።”

“እና?”

“መራመድ ጀመሩ።”

አየኝ፣ አየኝና በእጁ ሂጂ አለኝ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የሚያመጣው ስንቅ ከበር እየተመለሰ ሰነበተ። ትሪው ላይ ግን ማንም የአንቺ የታለ ብሎ አልጠየቀኝም።

እኔ ከእማማ በፊት ወጣሁ፤ አንድ ጠዋት ስሜ ተጠራ፣ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። እማማ እየተራመዱ ነበርና ጉንጬን ስመውኝ ቀጠሉ።

ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ዛሬም የሰው ዕድሜ እገምታለሁ፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጨው፣ ስለ እግር ጉዞ እጠይቃለሁ። ሾላ መሄድ ግን አቅቶኝ ቆየ። ክረምቱ አለፈ፣ በዓላቱም አለፉ፤ ሱቃቸው ተዘግቶ ባገኘውስ እያልኩ በርበሬ እንኳ ከሰፈር ሱፐርማርኬት እገዛ ነበር። ግምቴን እኔው ራሴ አምኜው ነበርና፣ ልክ ሆኖ እንዳይገኝ ፈራሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጨክኜ ሄድኩ።

እማማ ቆመው ኮረሪማ ይመዝናሉ። ያቺ የቆሰለችው የግራ እግራቸው ጣት የለችም፤ ከዘራ ይዘዋል። ወድቀው ራሳቸውን ሲስቱ “እዚሁ እንዳትሞትብን” ብለው እንደለቀቋቸው ነገሩኝ። ተቃቅፈን ቆየን። በሥራዬ ተሳስቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

“ልጅዎስ?” አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ሚዛኑን አስቀምጠው ግራ ቀኝ አዩ።

“አለ” አሉ።

የት ብዬ አልጠየቅኩም። ታክሲ ተራ እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።