ከግድቡ ሥር የሚኖሩት

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት መሐንዲስ ጭኑ ላይ ቅጽ ዘርግቶ ይሞላ ነበር። «የግድቡ የአደጋ ደረጃ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ሳያመነታ «ዝቅተኛ» ብሎ ጻፈና አለፈ። እኔ ግን በሐሳብ እዚያው ቃል ላይ ቀረሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በመሐንዲስነት ሥራ በያዝኩ በዓመቱ፣ ከአለቃዬ ከአቶ ደርቤ ጋር አንድ የመስኖ ግድብ ልንፈትሽ ሄድን። ሚያዝያ ነበር። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት መኪናዋን ትተን በሙዝ ማሳዎች መካከል በእግር ወጣን። የግድቡ ጠባቂ ጋሽ ኦይቻ፣ የሽፈራው ቅጠል የገባበት ትኩስ የበቆሎ ኩርኩፋ አቀረበልን። ረሃብ ይዞኝ ስለነበር ጣዕሙ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ግድቡ የአፈር ነው። ሣር ስለለበሰ የተኛ ኮረብታ ይመስላል። አቶ ደርቤ ከላይ ሲዞሩ ጋሽ ኦይቻ ወደ ግርጌው ወሰደኝ። ከድንጋዮቹ መካከል ውሃ ይወጣል።

«ድሮም ይወጣል፤ ንጹሕ ነው፣ እንጠጣዋለን» አለኝ። «ከእሁድ ወዲህ ግን ደፈረሰ፣ ልጄ።»

በእፍኜ ጨለፍኩት። ውሃው ሲፈስ መዳፌ ላይ ደቃቅ አፈር ቀረ። ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነበር።

ከዚህ በፊት የተሞላው የግድቡ ቅጽ የአደጋ ደረጃውን «ዝቅተኛ» ይላል። ብዙ ሰው ይህ ደረጃ የግድቡን ጥንካሬ የሚለካ ይመስለዋል። አይደለም፤ ቢናድ ማን ላይ እንደሚናድ ነው የሚጠይቀው። ግድቡ ሲሠራ ከሥሩ ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። አሁን ቁልቁል ሳይ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የተሰጣ ልብስ፣ ደጇ ላይ ሕፃን የምታጥብ ሴት አየሁ።

ወጥቼ ስነግራቸው፣ «የሚያፈስን ግድብ ከፍተኛ ብለሽ ከጻፍሽ ውሃው ይለቀቅ ማለትሽ ነው» አሉኝ አቶ ደርቤ። «ሙዙ ሲደርቅ ገበሬው ምን ይብላ? ይህን ግድብ ያሠራሁት እኔ ነኝ። አውቀዋለሁ።»

«ጋሼ፣ አፈር ይዞ እየወጣ ነው። እባክዎ ወርደው ይዩት።»

ወረዱ። ጎንበስ ብለው ውሃውን ነኩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ከፍተኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሳቸው ከስሜ ሥር ፈረሙ።

የመልቀቂያውን በር ከፈትን። ጋሽ ኦይቻ በየቤቱ እየዞረ ሰዉን ወደ ጉብታው አወጣ። ሰው ከብቱን እየነዳ፣ እኔን እየገላመጠ ወጣ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ውሃው ገና እኩሌታው ሳይጎድል፣ ከምድር ሆድ የወጣ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ሣር የለበሰው ኮረብታ መሐሉ ላይ ሰመጠ፤ ከዚያ ከውሃው ጋር ተናዶ ሄደ። ቤቶቹ አንድ በአንድ ሲታጠፉ ቆመን አየን። ያቺ ሕፃን ያጠበች ሴት ልጇን አዝላ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ባትነኪው ኖሮ አይፈርስም ነበር» አለችኝ።

አባባሏ መሠረት የለውም አልልም። ውሃ በጥድፊያ ሲለቀቅ የረጠበ አፈር ሊናድ እንደሚችል ተምሬአለሁ። አቶ ደርቤን ብጠይቃቸው «ተይው» ብቻ አሉኝ፤ ጡረታ እስኪወጡም ስለዚያ ግድብ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ያፈረስኩት እኔ እሆን? ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም አላውቅም። በዚያ መንደር ዛሬም ስሜን በክፉ የሚያነሱ አሉ ይባላል። ያንሱኝ። የሚረግም ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።