ሻንጣ ውስጥ የተላጠው ጫማ

ሐሙስ ጧት ከጅዳ ወደ መካ የተነሣሁት እናቴን ላገኝ ነው። ከወሎ ለዑምራ መጥታለች። ከተለያየን ስድስት ዓመት አለፈን፤ በየዓመቱ "ለከርሞ እመጣለሁ" እያልኩ እዚሁ የሰው ቤት ሥራ ላይ ከረምኩ። ማዳም የሁለት ቀን ፈቃድ ሰጠችኝ።

በእጄ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር የሴት ጫማ ይዣለሁ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ለእማየ የገዛሁት ነው። እንዳይቆሽሽ፣ እንዳይጨማደድ ብዬ አንድ ቀን አየር ሳላስነካው ሻንጣ ውስጥ አኖርኩት። እዚህ ያለን ሁላችንም እንዲህ ያለ ሻንጣ አለን፤ አልጋ ሥር ተገፍቶ አገር የምንገባበትን ቀን የሚጠብቅ። ጫማውን የመረጠችልኝ የማዳም ልጅ ረሃፍ ናት። ያኔ ገና ተማሪ ቤት ነበረች፤ የእንስሳ ቆዳ አታደርግም። "ይሄ ቪጋን ነው፣ ቆዳ ይመስላል እንጂ ከብት አልታረደበትም፤ ምድርንም አይጎዳም" አለችኝ። ልቧን ስለማውቀው አመንኳት።

ጅዳ ካለው የባብ መካ መናኸሪያ በጋራ ታክሲ፣ ሃያ ሪያል። ከጅዳ ወበቅ ስንወጣ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ሣር የሌለው ጥቁር ተራራ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ሱዳናዊት ፌስታሉን አቅፌ ሲያዩኝ "ሕፃን ነው እንዴ?" ብለው ቀለዱብኝ። መካ እስክንገባ ከጉልበቴ አላወረድኩትም።

መንሱር

እማየ ያረፈችው መንሱር በሚባለው የመካ ሰፈር፣ ከወሎ ከመጡ ሴቶች ጋር በአንድ ሆቴል ነው። በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አጥራ ታየችኝ።

"ዘሃራየ፣ ከሳሽ" አለች።

"አንቺ ነሽ የከሳሽ እማየ።"

ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ዓይኔን ሳወርድ እግሯ ላይ ያ ሰማያዊ ኮንጎ አለ፤ ከአገር ስወጣ ታደርገው የነበረው የላስቲክ ጫማ። ጎኑ ተሰንጥቆ በጋለ ብረት ተጣብቋል። እሱኑ አድርጋ አውሮፕላን ተሳፍራ መጣች። ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። ሳልቀመጥ በሶ በጥብጣ አጠጣችኝ።

ከዚያ ፌስታሉን ፈታሁ። ጫማው እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጧል። ጣቴ ያረፈበት ሁሉ እየተቀረፈ ይነሣል፤ ሶሉም ተሰንጥቋል። ማንም አንድ እርምጃ አልሄደበትም። እማየ ግን ቀምታኝ አደረገችው። ኮሪደሩን እስከ ሊፍቱ ሄዳ ተመለሰች፤ ነጩ ወለል ላይ ጥቁር ቅርፊት እየተበተነ ተከተላት።

"ሳይረግጥ ያረጀ ጫማ አየሁ፣ ሱብሃነላህ" ብላ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ለእሷ ብዬ ነበር።

ለከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ውዱእ ከማድረጓ በፊት እግሯን እኔ አጠብኩላት። ቅርፊቱ ጣቶቿ መሃል ገብቷል፣ የተረከዟ ንቃቃት ውስጥ ተጣብቋል። በእጄ እያሸሁ ሳወጣው ከውኃው ጋር ወደ ቱቦው ወረደ።

"ይሄ የት ይሄዳል?" አለችኝ።

"ባሕር መሰለኝ።"

"አይበሰብስም?"

"አይበሰብስም። ለካ ፕላስቲክ ነው። ከእንግዲህ የምገዛልሽ እውነተኛ ቆዳ ነው።"

እግሯን አየች። "የኛን ወንዝ ረሳሽው? ከቆዳ ፋብሪካው በታች ያለውን? ላሚቱ ውኃውን አሽትታ ሳትጠጣ ስትመለስ ከኋላዋ አልነበርሽም? እሱም እውነተኛ ቆዳ ነበር የኔ ልጅ።"

ረስቼው ነበር። የውኃው ቀለምና ሽታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዳለሁ መጣብኝ። ምን እንደምገዛላት ጠፋኝ።

ዑተይቢያ

በማግስቱ ዑተይቢያ የሚባለው የመካ ገበያ ሰፈር ሄድን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ትኩስ ተሚስ ዳቦ በፉል በልተን አንድ የመናዊ ሰንደል ሻጭ ዘንድ ገባን። እማየ የቆዳ ሰንደል አንሥታ አሸተተች፣ አጠፈች፣ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተነች። "ቆዳው የታጠበበት ውኃ የት እንደፈሰሰ ጠይቂልኝ" አለችኝ። እያፈርኩ ተረጎምኩ።

ሰውየው አልሳቀም። "ወላሂ እናቴ፣ አላውቅም። ከነጋዴ ነው የምገዛው። ክሩ ሲበጠስ መስፋት፣ ሶሉ ሲያልቅ መቀየር ግን እችላለሁ።"

"እውነቱን ተናገረ። የሚሰፋ ይሻለኛል" አለች። ሰባ ብሎ በሃምሳ አምስት ሪያል ለቀቀልን። ላስጠቅልለው ስል እጄን ያዘችኝ፤ እዚያው አደረገችውና ኮንጎውን ለእኔ ሰጠችኝ።

"እቺን ያዢልኝ። ሰኔ ላይ ጭቃው ሲመጣ ሌላ የለኝም፣ በቆዳ ማሳ አልገባም።"

"እማየ፣ ኮንጎ እኮ እዚያው ገበያ ሞልቷል።"

"ሌላ አልፈልግም። አገር ይዘሽልኝ ነይ።"

"ኢንሻአላህ።"

"ኢንሻአላህሽን ስድስት ዓመት ሰማሁት ዘሃራ። ሰኔ ሳይገባ።"

የጅዳው ታክሲ እስኪንቀሳቀስ በአዲሱ ሰንደል ቆማ አየችኝ። እኔም ኮንጎውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጅዳ ደረስኩ።

ጅዳ

የተላጠውን ጫማ የት እንደምጥለው ግራ ስለገባኝ ይዤው ተመለስኩ። ረሃፍ ስታየው ክፉኛ አዘነች። የጅዳ ወበቅና ያለሥራ መቀመጥ እንደሚጨርሰው ያኔ አላወቀችም። አሁን ከእንጉዳይና ከቁልቋል የሚሠራም አለ፣ ብዙው ግን ፕላስቲክ ይቀላቀልበታል አለችኝ። ስለ ወንዛችንም ነገርኳት። የቱ ይሻላል በሚለው ሳንስማማ አመሸን። እኔ ከመካ ይዤ የመጣሁት ይሄን ብቻ ነው፦ ከቆዳም ይሁን ከላስቲክ፣ የሚለበስና የሚጠገን ነገር ይግዙ፤ ከገዙም አያስቀምጡት።

ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩት። ለእኔ ብዬ የገዛሁትን ቀሚስ በዚያው ሳምንት ለበስኩት። ኮንጎውን ሻንጣ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ አቆምኩት።

ማዳም ጧት አየችው። "ይሄ የማነው?"

"የእናቴ ነው። ዝናብ ሳይጀምር አገር ይዤው መግባት አለብኝ።"

"ከዒድ በኋላ እናያለን" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው።

"ኸላስ ማዳም፣ ይብቃ" አልኳት። "ለጭቃው ሌላ ጫማ የላትም።"

ኮንጎውን አንሥታ የተጣበቀውን ጎኑን አየችው። ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችውና ስልኳን አውጥታ የቀን መቁጠሪያውን ከፈተች።

"ዝናባችሁ የሚጀምረው መቼ ነው?"