ሲነሣ ልየው

በሬዎቼ አርጅተውብኝ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ወርጄ አንዲት ትንሽ አሮጌ ትራክተር እያየሁ ነው። ሻጩ "ጋሼ፣ ላስነሳልዎት?" ሲለኝ በልጅነቴ ያየሁት የወገዳ የከብት ገበያ ትዝ አለኝ።

አባቴ የእርሻ በሬ ሊገዛ ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን ዳበሰ፤ ከዚያ ፀሐዩ ላይ ቁጭ አለ። ሰልችቶኝ "አባዬ፣ ምን እንጠብቃለን?" አልሁት።

"እስኪተኛ ነው። ሲነሣ ልየው። ቆሞማ ሁሉም ደህና ይመስላል" አለኝ ጉልበቱን እያሸ። ስለ በሬው ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

የትራክተሯን ሞተር ስነካው ትኩስ ነው፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆታል። "አሁን አይሆንም፤ መጀመሪያ ይብረድ" አልሁት፤ ጎማዋ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ሲበርድ አስነሳት። አሳላት፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሣች።

"እህስ ጋሼ?"

ጎማዋን ተደግፌ ልነሣ ሞከርሁ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ።

"እስቲ እጅህን ስጠኝ" አልሁት።